አጃቢ ካለ ወረፋ አለ፦ ከጅቡቲ የጉዞ ማስታወሻ

ነጋድ ጣቢያ

ባቡሩ ነጋድ ሲያወርደን መሽቷል። ኅዳር ለጅቡቲ ደግ ወር ነው፤ ያልባል እንጂ አያቃጥልም። ከድሬዳዋ ጀምሮ አጠገቤ የተቀመጠው ነጋዴ የመጣሁበትን ጉዳይ ጠየቀኝ። የንግድ መርከብን ከሚሳኤልና ከድሮን በምን ዘዴ እንደሚጠብቁ ልጽፍ ነው ስለው ሳቀብኝ። «እሱን የሚያውቁት ጄኔራሎች ናቸው፤ ጄኔራሎቹ ደግሞ ያሉት ዋሽንግተን ነው» አለ። «የተመቱት መርከበኞች የሚወርዱት ግን እዚህ ነው» አልኩት።

እውነቴን ነበር። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በፌብሩዋሪ 2024 ሩቢማር የተባለችው ማዳበሪያ ጫኝ ስትመታ ሠራተኞቿ ወደ ጅቡቲ መጡ። በማርች ትሩ ኮንፊደንስ ሦስት ሰው ሞቶባት ስትቃጠል የሕንድ ባሕር ኃይል የተረፉትን አንሥቶ እዚሁ አደረሳቸው። በኦገስት ሱንዮን የተባለችው ነዳጅ ጫኝ ላይ የነበሩትን 29 ሰዎች የፈረንሳይ የጦር መርከብ አውጥቶ ወደ ጅቡቲ አመጣ። በጁላይ 2025 የማጂክ ሲስ፣ በሴፕቴምበር መጨረሻ ደግሞ የሚነርቫግራክት ሠራተኞች መድረሻ ያው ጅቡቲ ሆነ።

የሚገርመው ከተማዋ የጦር ሰፈር ድሃ አለመሆኗ ነው። የአሜሪካ ካምፕ ሌሞኒየር፣ የፈረንሳይ ሠራዊት፣ ከ2011 ጀምሮ ጃፓን፣ ጣልያን፣ ከ2017 ጀምሮ ቻይና፤ ሁሉም በመኪና ትንሽ ተጉዞ በሚደረስበት ርቀት ላይ ናቸው። እንዲህ ተቀራርቦ የሰፈረ የውጭ ጦር ያለበት ሌላ ከተማ አላውቅም። መርከቦቹ ግን በዚህ ሁሉ ጦር አፍንጫ ሥር ተመቱ። እንዴት ብሎ መጠየቅ የኔም ጉዳይ ነው፤ የሀገሬ የወጪና የገቢ ንግድ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚያልፈው በዚህ ወደብ ነውና።

ለማያስታውስ አንባቢ፣ ነገሩ የጀመረው ኖቬምበር 19፣ 2023 ነው። የየመን ሁቲዎች በሄሊኮፕተር ጋላክሲ ሊደር የተባለች መኪና ጫኝ መርከብ ላይ ወርደው 25 መርከበኞቿን ማረኩ፤ መርከቧንም ወደ ሆዴይዳ ወሰዷት። ሰበባቸው የጋዛ ጦርነት ነበር። መጀመሪያ ከእስራኤል ጋር ግንኙነት አላቸው ያሏቸውን፣ ቀጥሎ የአሜሪካንና የብሪታንያን መርከቦች መቱ፤ በኋላም ዝምድናው እየተቆጠረ እየተቆጠረ የማይደርስበት መርከብ ጠፋ። ከመቶ በላይ የንግድ መርከብ ላይ ጥቃት አድርሰዋል፤ አራቱን አስጥመዋል። በኦክቶበር 2025 ጋዛ ውስጥ ተኩስ ሲቆም እነሱም ጋብ አሉ። እኔ የደረስኩት በዚህ ጸጥታ መሐል ነው።

ፒኬ 12

ሾፌሮቻችን ወረፋ ሲጠብቁ የሚሰባሰቡት ፒኬ 12 በሚባለው የመንገድ ዳር ሰፈር ነው። እዚህ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ከፈረንሳይኛ በልጠው ይሰማሉ። ተሳቢ ጥላ ሥር ሻይ ከሚጠጡ ሾፌሮች ጋር ተቀላቀልኩ። ስለ ባሕር ላይ አጀባ ሳነሣ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም። በእኛም አገር መንገድ ሲደፈርስ የጭነት መኪና በኮንቮይ፣ ፊትና ኋላ ታጣቂ ተመድቦለት ሲያልፍ ኖሯል።

«አጃቢ ካለ ወረፋ አለ» አለኝ አንድ የኮምቦልቻ ሰው። «ጠዋት ሁለት ሰዓት እንነሣለን ትባላለህ፤ እስኪሟላ አምስት ይሆናል። አዲስ መኪና ይዘህ ካሮጌው ኋላ ትንቀረፈፋለህ። ስትደርስ ደግሞ ሁሉም ባንዴ ስለገባ ማራገፊያው ይጨናነቃል።»

«ታዲያ ያለ አጃቢ ትሄዳለህ?»

«አጃቢው የማይመጣ ከሆነ ምን አደርጋለሁ? ቤቴ እቀመጣለሁ።»

ባሕሩ ላይ የሆነውም ከዚህ አይርቅም። ከጥቃቱ በፊት ወደ ቀይ ባሕር በሚያስገባው ጠባብ መተላለፊያ፣ በባብ ኤል መንደብ፣ በቀን 70 ገደማ መርከብ ያልፍ ነበር። በዲሴምበር 18፣ 2023 የአሜሪካው መከላከያ ሚኒስትር ሎይድ ኦስቲን «ፕሮስፐሪቲ ጋርዲያን» የተባለውን ጥምረት ሲያውጁ ብዙ ሰው እያንዳንዱ መርከብ ጎኑ የጦር መርከብ ይዞ የሚሄድ መስሎት ነበር። ጥምረቱ በተግባር የአካባቢ ቅኝት ነበር፤ የጦር መርከቦቹ ሰማዩን ይጠብቃሉ፣ ነጋዴው በመሐላቸው ያልፋል። ከዐረብ አገሮች በይፋ ስሟን ያስመዘገበችው ባሕሬን ብቻ ነበረች። በስዊዝ ካናል የምትኖረው ግብፅ አልገባችም፤ ሳዑዲም እንዲሁ።

አውሮፓውያን በፌብሩዋሪ 2024 የራሳቸውን «አስፒደስ» አቋቋሙ፤ ዋና ማዘዣው ግሪክ ላሪሳ ከተማ ነው። እነዚህ በእውነት ጎን ለጎን ያጅባሉ፣ የብስ ላይ አይተኩሱም። ችግራቸው ቁጥር ነው። ባንድ ጊዜ ባሕሩ ላይ የሚገኙት የጦር መርከቦቻቸው ብዙውን ጊዜ ሦስት አካባቢ ናቸው፤ የተሰጣቸው ክልል ደግሞ ከቀይ ባሕር እስከ ሆርሙዝ ይዘልቃል። መርከብ ጠይቆ፣ ተራ ተይዞለት፣ ቀን ተቆርጦለት ነው የሚታጀበው። በእያንዳንዱ የመቆያ ቀን የሚከፍለው ባለ መርከቡ ነው። የኮምቦልቻው ሰው እንዳለው አጃቢ የሌለው ቤቱ ተቀመጠ፤ የመርከብ ቤት መቀመጥ ማለት በደቡብ አፍሪካ ዞሮ መሄድ ነው። ይህ ከእስያ ወደ አውሮፓ በሚደረግ ጉዞ ላይ ከዐሥር ቀን በላይ ይጨምራል።

ዶራሌ

ዶራሌ ወደብ ውስጥ ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው፤ ስለዚህ ያየሁትን በቃል ብቻ ነው የያዝኩት። ያስገቡኝ እዚህ ለረጅም ዓመት የሠሩ ኢትዮጵያዊት ትራንዚተር ናቸው። እትዬ እያልኩ ነው የምጠራቸው፤ እሳቸው እኔን «ጋዜጠኛው» ይሉኛል፣ ደስ በማይል ድምፅ። አንድ እጃቸው ስልክ ላይ ነው፤ አንዱ ቢ ኤል (የጭነት ሰነድ) ሲጎድል፣ አንዱ ዲመሬጅ (የመዘግየት ክፍያ) ሲቆጥር ሲጮኹ ይውላሉ።

ካርታ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለውን ነገር ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ጅቡቲ ያለችው ከባብ ኤል መንደብ በስተደቡብ፣ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ነው። ከቻይና፣ ከሕንድና ከፋርስ ባሕረ ሰላጤ አገሮች የሚመጣ ዕቃ ጠባቡን ሳያቋርጥ ይደርሳል። ጠባቡን ማቋረጥ ግድ የሚሆንበት ከሰሜን የሚመጣው ነው፤ ከአውሮፓና ከቱርክ የሚገዛው፣ ከጥቁር ባሕር የሚጫነው ስንዴ፣ ከሞሮኮ የሚመጣው ማዳበሪያ። ስለዚህ «ቀይ ባሕር ተዘጋ» ሲባል ለእኛ የተዘጋው አንዱ በር ነው፣ ግን የገበሬው በር። በእርግጥ የኤደን ባሕረ ሰላጤም ሰላም አልነበረም፤ ትሩ ኮንፊደንስና ሚነርቫግራክት የተመቱት እዚያው ነው።

«ስንት ሚሳኤል ጣሉ ብለህ አትጠይቀኝ» አሉ እትዬ። «ኢንሹራንስ ስንት ገባ በለኝ። የኔ ራዳር እሱ ነው።»

ከሰማሁት ሁሉ ይህን ወድጄዋለሁ። ከጥቃቱ በፊት የጦርነት ስጋት መድን ለአንድ ማለፊያ ከመርከቡ ዋጋ የአንድ በመቶ ትንሽ ክፍልፋይ ነበር። በ2024 መጀመሪያ ከ0.7 እስከ 1 በመቶ ደረሰ። 50 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ መርከብ ላይ አንድ በመቶ ማለት ለአንድ ጊዜ ማለፍ ብቻ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ነው። ያ በጭነቱ ዋጋ ላይ ይደመራል፣ በመጨረሻም በኩንታል ማዳበሪያ ላይ ይወርዳል።

ሌላ መለኪያ ካስፈለገ የስዊዝ ካናል ገቢ አለ። በ2023 ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር፤ በ2024 ወደ 4 ቢሊዮን ወረደ። ልብ በሉ፣ በ2024 የአሜሪካም የአውሮፓም ጦር ባሕሩ ላይ ነበር። አብዛኛውን የተተኮሰ ሚሳኤልና ድሮን አክሽፈዋል፤ መርከቦቹ ግን አልተመለሱም። ባለ መርከብ ከመቶ ሚሳኤል ዘጠና አምስቱ ወደቀ ሲባል የሚያስበው ስለ ቀሩት አምስት ነው።

የዓሣ ቤት

ጋሼ የምላቸው ሰው የቀድሞው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል አባል ናቸው። አሰብ ላይ አገልግለው፣ በ1991 መንግሥት ሲገለበጥ ወደዚህ ተሻግረው ቀሩ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል። የቀጠሩኝ የመኖች በምድጃ የሚጠብሱት ዓሣ፣ እንደ ደብተር ተገልጦ ከትልቅ ቂጣ ጋር በሚቀርብበት ቤት ነው። ሲበሉ አይናገሩም። እጃቸውን ከታጠቡ በኋላ ግን የሚያቆማቸው የለም።

«እዚህ ባሕር ላይ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም» ብለው ጀመሩ። በ1971 የፍልስጤም ታጣቂዎች ፔሪም ደሴት አጠገብ በፈጣን ጀልባ መጥተው ወደ እስራኤል የምትሄድ ኮራል ሲ የተባለች ነዳጅ ጫኝ ላይ በባዙቃ መተኮሳቸውን አነሡ። በ1984 ክረምት ደግሞ ማን እንደዘራው ያልታወቀ የባሕር ፈንጂ ከስዊዝ እስከ ባብ ኤል መንደብ ድረስ ወደ 19 መርከብ አቆሰለ፤ ጥርጣሬው ጋት በምትባል የሊቢያ መርከብ ላይ ወደቀ። «ያን ጊዜ ቢያንስ ጠራጊ መርከብ ይዘህ ትጠርጋለህ፣ ያልቃል። ሚሳኤል አይጠረግም።»

ስለ አጀባ ስጠይቃቸው በቀጥታ ወደ ፋርስ ባሕረ ሰላጤ ወሰዱኝ። በኢራንና በኢራቅ ጦርነት ጊዜ አሜሪካ 11 የኩዌት ነዳጅ ጫኞችን የራሷን ባንዲራ አልብሳ በጦር መርከብ ማጀብ ጀመረች። በመጀመሪያው ኮንቮይ፣ ጁላይ 24፣ 1987፣ ብሪጅተን የተባለችው ግዙፍ ነዳጅ ጫኝ ፈንጂ ረገጠች። አልሰጠመችም፤ ቆዳዋ ወፍራም፣ ክፍሎቿ ብዙ ናቸው። ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ጋሼን እስከ ዛሬ የሚያስቃቸው። አጃቢዎቹ የጦር መርከቦች ቀጭን ስለሆኑ ከፊት መሄዱን ትተው ከታጃቢዋ ኋላ ተሰለፉ። «ጠባቂው በተጠባቂው ተከለለ!» ብለው ጠረጴዛውን መቱ። ሆኖም አጀባው ቀጥሎ ነዳጁ አለፈ ብለው አከሉ፤ ሚዛናዊ ሰው ናቸው።

የዛሬውን ሚሳኤል የመመከት ሥራ አይንቁትም። የአሜሪካዋ የጦር መርከብ ካርኒ በኦክቶበር 2023 የመጀመሪያዎቹን ሚሳኤሎችና ድሮኖች ስትጥል፣ የፈረንሳይዋ አልዛስ በማርች 2024 ባሊስቲክ ሚሳኤሎችን በአየር ላይ ስትመታ፣ ከዚያ በፊት በባሕር ጦርነት እምብዛም ያልታየ ነገር እንደሆነ ይናገራሉ። ጭንቀታቸው መቁጠሪያው ላይ ነው። ድሮን በዐሥር ሺዎች ዶላር ይሠራል፤ እሱን ለመጣል ይተኮስ የነበረው ኤስ ኤም-2 ሚሳኤል ወደ ሁለት ሚሊዮን ያወጣል። ከገንዘቡም የከፋው፣ የጦር መርከብ የማስወንጨፊያ ጉድጓዶቹን ተኩሶ ከጨረሰ በኋላ እዚያው ባሕር ላይ አይሞላቸውም፤ ወደብ መግባት አለበት። ወደብ የገባበትን ቀን ማንም አይጠብቅለትም። በዚያ ላይ ሰማዩ ሲጨናነቅ ስሕተት ይመጣል። የጀርመኗ ሄሰን የወዳጅ አሜሪካን ድሮን ጠላት መስሏት ተኮሰችበት፣ ደግነቱ ሳተች። በዲሴምበር 2024 የአሜሪካዋ ጌቲስበርግ የራሷን ወገን ተዋጊ አውሮፕላን ጣለች፤ አብራሪዎቹ ተርፈዋል።

«ታዲያ የሚተኩሰውን እዚያው ቦታው ላይ መምታት አይሻልም?» አልኳቸው።

ዝም ብለው አዩኝ። «ተመታ አይደል እንዴ?»

ተመቷል። ከጃንዋሪ 12፣ 2024 ጀምሮ አሜሪካና ብሪታንያ የየመንን የባሕር ዳርቻ ደጋግመው ደብድበዋል። ከማርች 15 እስከ ሜይ 6፣ 2025 ደግሞ አሜሪካ ብቻዋን ከሺህ በላይ ዒላማ መታች። ራስ ኢሳ የነዳጅ ወደብ ላይ በአንድ ሌሊት ከ70 በላይ ሰው መሞቱን ሁቲዎቹ አስታውቀዋል። ዘመቻው ከቢሊዮን ዶላር በላይ በላ፤ ከሃሪ ትሩማን የአውሮፕላን ተሸካሚ ሁለት ተዋጊ አውሮፕላኖች ባሕር ገቡ፤ በርካታ ሪፐር ድሮኖችም ወደቁ። የሁቲ ማስወንጨፊያ ግን በመኪና ላይ የተጫነ ነው። ቲሃማ ከሚባለው ሜዳ ተኩሶ ወደ ተራራው ይወጣል፣ ዋሻ ይገባል። ለሰባት ዓመት ከሳዑዲ አውሮፕላን ጋር ድብብቆሽ ሲጫወት የኖረ ኃይል ነው።

ያ ዘመቻ ያለቀው በኦማን ሽምግልና ነው። ሁቲዎቹ የአሜሪካን መርከብ ላይነኩ፣ አሜሪካም ላትደበድባቸው ተስማሙ። የሌላው መርከብ ጉዳይ በስምምነቱ ውስጥ አልነበረም። ሁለት ወር ቆይቶ፣ በጁላይ አንድ ሳምንት ውስጥ፣ የላይቤሪያ ባንዲራ ያላቸው ማጂክ ሲስና ኢተርኒቲ ሲ ሰጠሙ። በሁለተኛዋ ላይ ቢያንስ አራት ሰው ሞተ፤ የተማረኩም ነበሩ። ሁለቱም አጃቢ አልነበራቸውም።

ጋሼ እንደ ወታደር ሲያስቡ ማስወንጨፊያውን ከባሕሩ ዳር የሚያርቀው እግረኛ ብቻ ነው ይላሉ፤ ሆዴይዳን መያዝ። ወዲያው ደግሞ ራሳቸው ይመልሱታል። በ2018 የሳዑዲና የኤምሬትስ አጋሮች ሆዴይዳ ደጃፍ ደርሰው ነበር፤ የእርዳታ እህል የሚገባበት ወደብ ስለሆነ ዓለም ጮኸ፣ ስቶክሆልም ላይ በተደረሰ ስምምነት ቆመ። ለመርከብ ደህንነት ብሎ አንድ አገር ሕዝብ የሚበላበትን በር ጦር ሜዳ የሚያደርግ መንግሥት ዛሬም አልተገኘም፤ ባይገኝም ደግ ነው እላለሁ።

የሚቀረው መንገድ፣ መሣሪያውን ሳይደርስ መያዝ፣ ጅቡቲ ውስጥ ነው ያለው፤ ማንም ብዙ አያወራለትም። በ2015 የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ 2216 ለሁቲዎች መሣሪያ እንዳይሄድ አገደ፤ ከ2016 ጀምሮም ወደ ሆዴይዳ አካባቢ የሚሄዱ መርከቦችን የሚፈትሽ የተባበሩት መንግሥታት ቡድን እዚህ ከተማ ተቀምጧል። ሥራው ከ100 ቶን በላይ የሆኑ መርከቦች ላይ ነው። መሣሪያው ደግሞ የሚሄደው በትንሽ የእንጨት ጀልባ፣ በሌሊት ነው። በጃንዋሪ 2024 ሁለት የአሜሪካ ባሕር ኃይል ኮማንዶዎች ከሶማሊያ ዳርቻ ወዲያ እንዲህ ያለ ጀልባ ሲይዙ ሰጥመው ሞቱ። በጁላይ 2025 ደግሞ በቀይ ባሕር ዳር ሁቲዎችን የሚዋጉት የጣሪቅ ሳሌሕ ኃይሎች 750 ቶን የሚሳኤልና የድሮን ዕቃ መያዛቸው ተገለጸ። እኔ ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው፣ አንድ የጭነት ጀልባ መያዝ ከመቶ ድሮን ማክሸፍ ይረክሳል። ግን ለዜና አያምርም፤ እሳት የለውም።

የሞተር ክፍል

ቢሾፍቱ ባቦጋያ የተማረ ወጣት የመርከብ መሐንዲስ እዚሁ ጅቡቲ ምኒልክ አደባባይ አጠገብ ቡና ቤት አገኘሁ። ከቢሾፍቱው ማሠልጠኛ የወጡ ልጆቻችን በዓለም መርከቦች የሞተር ክፍል ውስጥ እንደሚሠሩ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። ይህ ልጅ በ2024 ባብ ኤል መንደብን በጅምላ ጫኝ መርከብ ተሻግሯል።

በዚያ ወራት መርከቦች በመለያ መሣሪያቸው ላይ የመድረሻ ወደብ ስም መጻፍ ትተው ልመና ይጽፉ ነበር ይላል፤ «ሠራተኛው በሙሉ ሙስሊም ነው»፣ «ከእስራኤል ጋር ግንኙነት የለንም»፣ «ሠራተኛው ቻይናዊ ነው»። የእሱ ካፒቴን መሣሪያውን ጭርሱኑ አጠፋው። በሬዲዮ ቻናል 16 ላይ «የየመን ባሕር ኃይል ነን፣ ተመለሱ» የሚል ድምፅ ይመጣል፤ ቀጥሎ የጥምረቱ የጦር መርከብ «መልስ አትስጧቸው፣ መንገዳችሁን ቀጥሉ» ይላል። «ሁለቱም እየጠሩን ሁለቱም አይታዩንም» አለኝ።

በሶማሊያ የባሕር ወንበዴዎች ዘመን የተገኘው ትምህርት እዚህ ግማሹ ተሽሯል። ያኔ ከ2008 ጀምሮ የአውሮፓ የአታላንታ ዘመቻ፣ የተከለለ መተላለፊያ፣ መርከብ ላይ የሚወጡ የታጠቁ ጠባቂዎች፣ ሠራተኛው ተቆልፎ የሚደበቅበት ክፍል ሲደማመሩ ወንበዴው ተስፋ ቆረጠ። ወንበዴ መርከቡን በሕይወት ነው የሚፈልገው፤ ገንዘቡ ነዋ። ሁቲው መርከቡ ቢሰጥምም ግቡን መትቷል። ማጂክ ሲስ ላይ የነበሩት ጠባቂዎች በጀልባ ከመጡት ታጣቂዎች ጋር ተታኩሰዋል፤ ፈንጂ የጫኑት ሰው አልባ ጀልባዎች ግን መጥተው ጎኗን መቱ። መደበቂያው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚዘጋጀው ታች፣ በሞተር ክፍል አካባቢ ነው። በጁን 2024 ቱተር የተባለችው መርከብ የተመታችው እዚያው ኋላዋ ላይ ነው፤ የጠፋው መርከበኛም የነበረው በሞተር ክፍል ነበር። የመታቻት ነጭ ትንሽ ጀልባ ከሩቅ የዓሣ አጥማጅ ትመስል ነበር።

«ከዚያ ወዲህ ፈረቃዬን ስገባ ደረጃውን እቆጥራለሁ» አለ ልጁ። ደሞዙ ለዚያ ጉዞ እጥፍ እንደሆነለት ጠየቅሁት። «የማን ውል?» አለኝ።

ኦቦክ

ባሕረ ሰላጤውን በጀልባ ተሻግሬ ኦቦክ ገባሁ። እዚህ መርካዚ በሚባለው የስደተኞች ሰፈር የሚኖሩ የመናውያን ዓሣ አጥማጆች አሉ። አንዱ በአስተርጓሚ እንደነገረኝ፣ በጸጥታው ጊዜ እንኳ ራቅ ብሎ መሄድ ያስፈራዋል። የቱተር ወሬ ደርሶታል፤ የሱ ጀልባ መጠንና ቀለም ከዚያችኛዋ አይለይም። የጦር መርከብ ሲያይ ሞተሩን አጥፍቶ ሁለት እጁን ያነሣል፣ ዓሣውም ይሄዳል። የሁቲ ጀልባ ሲያይ ደግሞ ሌላ ፍርሃት አለው። ትንሽ ጀልባን ከትንሽ ጀልባ መለየት የትኛውም ጥምረት ያልፈታው እንቆቅልሽ ነው፤ ዋጋውን ይህ ሰው ይከፍላል።

በዚሁ ዳርቻ በሌሊት የእኛ ልጆች ወደ የመን ይሻገራሉ። በኤፕሪል 2024 ብቻ ከየመን ሲመለሱ የነበሩ ሁለት ጀልባዎች ጎዶሪያ አካባቢ ተገልብጠው በርካቶች ሞተዋል። ለኮንቴይነር የተመደበውን የጦር መርከብና የሬዲዮ ቻናል ብዛት ሳስብ ብዙ ልጽፍ ፈልጌ ነበር፤ ይህ ማስታወሻ የመርከብ ስለሆነ ለሌላ ጊዜ ትቼዋለሁ።

ፍርዴ

አገራችን ከ2018 ወዲህ ባሕር ኃይሏን እንደገና እያቋቋመች ነው። አልቃወምም። ነገር ግን ጥቂት የጥበቃ ጀልባዎች ይዘን ከሞሮኮ የሚመጣውን ማዳበሪያችንን እናጅባለን የሚል ወሬ ስሰማ ጋሼን ጠይቁ እላለሁ። ባሊስቲክ ሚሳኤል የሚጥል መርከብ በዓለም ጥቂት አገር ያለው፣ ያለውም የሚቸገርበት ነው። በከተሞችና በወንዞች ስም ለተጠሩት የራሳችን የንግድ መርከቦች የሚጠቅመው ከዚያ የሚያንስ ሥራ ነው። አጀባን አስቀድሞ ጠይቆ ወረፋ መያዝ፣ ከአውሮፓና ከሕንድ ባሕር ኃይሎች ጋር የሚነጋገር መኮንን ጅቡቲ ማስቀመጥ፣ ማዳበሪያና ስንዴ በደቡብ አፍሪካ ዞሮ ቢመጣም ለዘር እንዲደርስ ግዢውን በወራት ማስቀደም። ከወታደራዊ አማራጮቹ ውስጥም እውነተኛ ውጤት ያየሁት በሁለቱ ላይ ነው፤ የቅርብ አጀባና በትንንሽ ጀልባ የሚሄደውን መሣሪያ መያዝ። ድብደባው ብዙ አጠፋ፣ በሩን ግን አልከፈተም። ጸጥታውን ያመጣው የጋዛ ተኩስ ማቆም ነው፤ እሱ ከፈረሰ ይህም ሊፈርስ ይችላል።

እናንተ ከባቦጋያም ሆነ ከባሕር ዳር ተመርቃችሁ የውጭ መርከብ ውል ለመፈረም የተዘጋጃችሁ ልጆች ግን ጥምረት እስኪጠናከር አትጠብቁ። የዓለም የመርከበኞች ማኅበራትና አሠሪዎች በተስማሙበት ውል መሠረት፣ ደቡባዊ ቀይ ባሕር የጦርነት ቀጠና ተብሎ በተከለለበት ጊዜ መርከበኛ አልሄድም የማለት መብት አለው፤ ከሄደም ተጨማሪ ክፍያና እጥፍ የሞት ካሳ ይታሰብለታል። ይህ የሚሠራው ውላችሁ በዚያ ስምምነት ሥር ከሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ውሉ በስምምነቱ ይሸፈን እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። የምትሳፈሩበትን መርከብ ብቻ ሳይሆን የኩባንያውን ሌሎች መርከቦችም የት የት ወደብ እንደገቡ አጣሩ፤ ማጂክ ሲስ የተመታችው የኩባንያዋ ሌሎች መርከቦች የእስራኤል ወደብ ገብተዋል በሚል ሰበብ ነው። መልስ የማይሰጥ ወኪል ካጋጠማችሁ አትፈርሙ።